በነጠላ የተጠቀለለው መጽሐፍ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ የራሴ ችኮላ ነው። በአሜሪካ በማገለግልበት አጥቢያ ከቅዳሴ በኋላ የታዳጊዎች ትምህርት አለን። ከወራት በፊት ትምህርቱ አልቆ ወንበር ስንሰበስብ፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቦርሳዋን ስታነሣ በነጠላዋ የተጠቀለለ መጽሐፍ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። አነሣሁት። ከ600 ገጽ በላይ ያለው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነበር። ሽፋኑን አየሁ፤ አንድ ገጽ ገለጥሁ፤ የገለጥሁት ገጽም እንዳጋጣሚ ለልጅ የማይሆን ነበር። ሌሎቹ ልጆች እየሰሙ፣ «እንዲህ ያለውን ነገር ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መግባት አያሳፍርሽም?» አልኋት። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ አልተቈጣችምም። መጽሐፉን ተቀብላ በነጠላዋ መልሳ ጠቀለለችና፣ «ጋሼ፣ አንብበውታል?» አለችኝ። አላነበብሁትም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ ባለው።

ለእናቷ ደወልሁላት። በሌሊት ፈረቃ እየሠራች ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እኅታችን ናት። «ስልክ ላይ ከምታፈጥ መጽሐፍ ብታነብ ይሻላል ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ምን እንደምታነብማ በምን ዐውቃለሁ? የእኔ እንግሊዝኛ ከሥራ ቦታ አያልፍም» አለችኝ። ይህ የአንዲት እናት ቃል ብቻ አይደለም። ልጆቻችን እኛ በማናነበው ቋንቋ፣ እኛ በማናውቀው ዓለም ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ሲቀመጡ እኛ ወላጆችና መምህራን ከውጭ ቆመን የበሩን ቀለም እናያለን። እኔም የፈረድሁት የበሩን ቀለም አይቼ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ከነተከታዮቹ ከቤተ መጻሕፍት ተዋስሁና ማንበብ ጀመርሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው የአንድ አገልጋይ አስተያየት እንጂ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ውሳኔ ተደርጎ እንዳይወሰድ እለምናለሁ። የልጅቱን ነገር የማነሣውም እናቷም እርሷም ፈቅደውልኝ ነው።

ጸሐፊዋ ሳራ ጄ. ማስ ትባላለች። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ። በ1986 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷን መጻፍ የጀመረችው በ16 ዓመቷ ነው። መነሻዋም ሁላችንም የምናውቀው የሲንደሬላ ተረት ነበር፤ ይህች ምስኪን ልጅ ወደ ቤተ መንግሥቱ ግብዣ የሄደችው ከልዑሉ ጋር ልትጨፍር ሳይሆን ልትገድለው ቢሆንስ ብላ ጠየቀች። ከዚህ ጥያቄ የወጣውን ታሪክ ፊክሽንፕረስ በሚባል፣ ማንም የጻፈውን በሚያወጣበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ «የመስተዋት ንግሥት» ብላ ምዕራፍ በምዕራፍ ታወጣው ጀመር። አንባቢዎቿ አብዛኞቹ እኩዮቿ ነበሩ። ምዕራፍ ሲዘገይ ይጠይቃሉ፤ ያልወደዱትን ይነግሯታል፤ የወደዱትን ለጓደኛ ያሳያሉ። ታሪኩ በዚያ ገጽ ላይ እጅግ ከሚነበቡት አንዱ ሆነ።

እርሷ ግን በዚያ አልቆመችም። ሃሚልተን ኮሌጅ ገብታ የፈጠራ ድርሰት አጻጻፍን ዋና ትምህርቷ፣ የሃይማኖቶች ጥናትን ደግሞ ሁለተኛ አድርጋ በ2008 ተመረቀች። አንባቢ የሞላበትን ታሪክ ከኢንተርኔቱ አንሥታ እንደ ገና ጻፈችው፤ ደራስያንን ከአሳታሚ ለሚያገናኙ ወኪሎችም መላክ ጀመረች። በ2010 የሃሪ ፖተርን መጻሕፍት በብሪታንያ ያሳተመው ብሉምስበሪ ተቀበላት። መጽሐፉ «የመስተዋት ዙፋን» ተብሎ የወጣው በነሐሴ 2012 ነው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ ታተመው መጽሐፍ ዐሥር ዓመት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወጣቶቻችን የዚህችን ሴት ስም የሚያውቁት ከቲክቶክ ነው። በዚያ ቡክቶክ በሚሉት ሰፈር፣ በተለይ ከ2020 ወዲህ፣ አንባቢዎች መጽሐፎቿን ታቅፈው ሲያለቅሱና ሲስቁ ይታያሉ፤ መጽሐፎቿም በዐሥር ሚሊዮኖች በሚቈጠር ቅጂ ተሸጠዋል። ከዚያ ጩኸት በስተኋላ ያለው ግን አንዲት ተማሪ ክፍያ ሳይኖራት፣ ነገ ይታተማል የሚል ተስፋም በእጇ ሳይያዝ የጻፈችበት ዘመን ነው። ከዚህ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ አንባቢ ያገኘውን ጽሑፍ ከሕዝብ ፊት አንሥታ «ገና ነው» ማለቷ ነው። እኛ በበዓል ቀን የምናቀርበውን የ20 ደቂቃ ጭውውት ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ጽፈን፣ ሳናርም አጥንተን፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ደኅና ሠራን የምንል ሰዎች ነን። ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው።

ከ2012 ወዲህ ደግሞ እጇ አልቦዘነም። የመጀመሪያው ተከታታይ ከአጫጭር ታሪኮቹ ስብስብ ጋር 8 መጻሕፍት ሆኖ በ2018 አበቃ። በ2015 «የእሾህና የጽጌረዳ ቤተ መንግሥት» ልንለው የምንችለውን ሁለተኛ ተከታታይ ጀመረች፤ እስከ 2021 ድረስ 5 መጻሕፍት ወጡት። በ2020 ክሬሰንት ሲቲ የተባለው ሦስተኛው ተጀመረ፤ እስከ 2024 ድረስ 3 መጻሕፍት። በ12 ዓመት 16 መጻሕፍት ናቸው፤ በ2018 በሌላ ድርጅት ገጸ ባሕርይ ላይ የጻፈችው አንድ ልብ ወለድ ሳይቈጠር። በዚያው በ2018 ብቻ ሦስት መጻሕፍት አሳትማለች፤ ከእነርሱ አንዱ ወደ 1000 ገጽ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ፍጥነት ዋጋ ያስከፍላል፤ ስታነቡ ይታወቃችኋል። ተመሳሳይ አነጋገር በየምዕራፉ ይመለሳል፤ ሁሉም ወንድ ረጅም፣ ሁሉም ቍጣ እሳት ነው። ይሁን እንጂ ታሪክ ማንቀሳቀስ ታውቅበታለች። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «አንድ ምዕራፍ ብቻ» እያልሁ ራሴን ያታለልሁበት ጊዜ እንደ ነበረ አልደብቅም።

ስለ መጀመሪያው ተከታታይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጀግናዋ በጨው ማዕድን በባርነት ስትማቅቅ የቆየች የ18 ዓመት ነፍሰ ገዳይ ናት። በቤተ መንግሥት የምታገኛት ብቸኛ እውነተኛ ጓደኛ ከተወረረች ሀገር የመጣች፣ ቆዳዋ ጠይም የሆነ ልዕልት ናት፤ ብልህ፣ ለሕዝቧ የምትቈረቈር። በሁለተኛው መጽሐፍ ትገደላለች፤ ሞቷም ከሁሉ በላይ ያገለገለው የጀግናዋን ልብ ለማንቃት ነው። ብዙ አንባቢዎች በዚህ ጸሐፊዋን ወቅሰዋታል፤ እኔም ከወቃሾቹ ጋር ነኝ። በዚህ ሀገር በክፍሏ ብቻዋን ጠይም የሆነች የእኛ ልጅ ይህን ስታነብ፣ እርሷን የምትመስለው የሌላዋ መሰላል ሆና ስትቀር ምን እንደምታስብ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ ወደ መደርደሪያው። «የእሾህና የጽጌረዳ ቤተ መንግሥት» በ2015 ሲወጣ ያሳተመው የብሉምስበሪ የልጆችና የወጣቶች ክፍል ነው። በመጻሕፍት መደብርም በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትም የተቀመጠው ለታዳጊዎች በተለየው መደርደሪያ ላይ ነበር። ሁለተኛው በ2016፣ ሦስተኛው በ2017 በዚያው መደርደሪያ ተከተሉ። ጉድሪድስ የተባለው የአንባቢዎች ገጽ በየዓመቱ በሚያካሂደው የድምፅ ምርጫ ሁለቱም በየዓመታቸው ያሸነፉት በወጣቶች ምናባዊ ልብ ወለድ ዘርፍ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ገጾች ያለው የመኝታ ቤት ትረካ ለታዳጊ የሚነገር አልነበረም። በ2020 መጻሕፍቱ ሽፋናቸው ተለውጦ እንደ ገና ወጡ፤ መደርደሪያቸውም ወደ ዐዋቂዎች ተዛወረ። የ2021ዱ አምስተኛ መጽሐፍ ከመጀመሪያውም ለዐዋቂዎች ተብሎ ታተመ፤ በዚያ ዓመት ምርጫም ያሸነፈው በዐዋቂዎች ዘርፍ ነው።

ይህን ሂደት ከአንዲት አንባቢ አንጻር እንየው። በ2015 የ13 ዓመት ልጅ የነበረች አንባቢ ከጸሐፊዋ ጋር አብራ አደገች፤ በ2021 የ19 ዓመት ሴት ሆናለች። ለእርሷ መደርደሪያው አብሯት ሄደ ማለት ይቻላል። ዛሬ የምትጀምረው የ13 ዓመት ልጅ ግን አምስቱንም በአንድ ጊዜ ታገኛቸዋለች። የመጀመሪያውን ከጨረሰች በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ዓመት ተሻግራ አምስተኛው ላይ ትደርሳለች። የሚያስቆማት የለም። አሮጌው ሽፋን ያለው ቅጂ ደግሞ ዛሬም በብዙ ቤት አለ፤ ታላቅ እኅት ለታናሽ ትሰጣለች፤ ሽፋኑም የወጣት መጽሐፍ ይመስላል። አዲሱ ሽፋንም ቢሆን ያጌጠ ሥዕል እንጂ ውስጡን የሚናገር ምልክት አይደለም። እኔ በዚህ ጸሐፊዋን ከመክሰስ ይልቅ የሽያጩን ሥርዓት እከሳለሁ። ለታዳጊ ተብሎ ገበያ የወጣን ነገር ገበያው ሲሰፋ ወደ ሌላ መደርደሪያ ማዛወር ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ያነበበችውን ልጅ ግን ማንም ጠርቶ «ያ መጽሐፍ ለአንቺ አልነበረም» አላላትም።

ከወላጆች ብዙ ጊዜ የምሰማው ስጋት ግን ሌላ ነው፦ «አስማት አለበት»። አዎን፣ አለበት። «ፌ» የሚባሉ፣ ጆሮአቸው የሾለ፣ ዕድሜያቸው በመቶ ዓመታት የሚቈጠር ፍጥረታት አሉበት። ልጆቹ ግን ይህ ተረት መሆኑን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። እኛም በልጅነታችን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን፣ አንበሳ ሲናገር ሰምተን፣ ጅብ ሲመክር አድምጠን ያደግን ነን። ጥንቆላ በመንደራችን የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያውቅ ሰው ይህን ከዚያ አይደባልቀውም። በአስማቱ ላይ ስንጮኽ ልጆቹ ያላነበብነው መሆኑን ወዲያው ያውቁብናል፤ ከዚያ በኋላ የምንለውን አይሰሙም።

ይልቅስ የምንጠይቀው ስለ ፍቅሩ ነው። የሁለተኛው ተከታታይ ጀግና ፌይሬ የ19 ዓመት ልጅ ናት፤ የደኸየ ቤተሰቧን በአደን ትመግባለች። ተኩላ መስሏት የፌዎችን ወገን ትገድላለች፤ በዚህም ምክንያት ታምሊን የሚባል የፌዎች መስፍን ወደ ግዛቱ ይወስዳታል። ይዋደዳሉ፤ እርሱን ለማዳን ሞት ትቀምሳለች። የመጀመሪያው መጽሐፍ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለአንባቢው ፍጹም ፍቅር ይመስላል። ሁለተኛው መጽሐፍ ግን ያንኑ ሰው መልሶ ያሳየናል። ያፈቅራታል፤ ስለሚያፈቅራትም ከቤት እንዳትወጣ ይፈልጋል። ስታዝን አይጠይቃትም። በመጨረሻም ለደኅንነቷ ብሎ በሩን ይዘጋባታል። እርሷም ትታው ትሄዳለች፤ ጸሐፊዋም ትክክል አደረገች ትላለች። ይህን ክፍል ሳነብ ያቺ ልጅ ለምን መጽሐፉን በነጠላዋ እንደ ጠቀለለችው ማሰብ ጀመርሁ።

ከሁለት ወር በኋላ እናቷ ባለችበት በቤታቸው ቡና ጠጣን። አስቀድሜ በጓደኞቿ ፊት ስላዋረድኋት ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ሁለተኛውን መጨረሴን ስነግራት ዐይኗ በራ። «እንግዲያው ታምሊን መጥፎ መሆኑ የገባዎት መቼ ነው?» አለችኝ። በሩን ሲቈልፍባት አልኋት። «እኔም» አለች። ጥቂት ዝም አለችና በእንግሊዝኛ፣ እናቷ ትሰማ እንደሆነ እንኳ ሳትመለከት፣ እናቷ ለምን ብቻዋን እንደምታሳድጋቸው ይህን ስታነብ እንደ ገባት ነገረችኝ። እናቷ ሰምታለች። የሥራ ቦታ እንግሊዝኛዋ ለዚያ በቂ ነበር። ሲኒውን አስቀምጣ ልጇን ተመለከተች፤ ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት የእነርሱ ነው።

እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ የራሴን ደብተር ገለጥሁ። ለታዳጊዎቹ ስለ ጋብቻ ያስተማርሁት አለ፤ ስለ ተክሊል፣ ስለ ቃል ኪዳን፣ ስለ ቀለበት። የሚያፈቅር የሚመስል ሰው በር ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ግን አላገኘሁም። ልጅቱ ያን ከእኔ ሳይሆን ከሻጭ መጽሐፍ አገኘችው፤ ለዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በማይሆኑ ገጾች መካከል ተሸጒጦ።

ይህን ያልሁት መጽሐፉን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ጸሐፊዋ ታምሊንን ጥላ የምታነሣው ሪሳንድ የሚባለውን፣ ከ500 ዓመት በላይ የኖረውን የሌሊት መስፍን ነው። እርሱ «ምርጫው የአንቺ ነው» እያለ ይደጋግማል፤ ወጣት አንባቢዎችም በዚህ ይወዱታል። ነገር ግን በዚያ ዓለም አስቀድሞ የተወሰነላቸው ጥንዶች በማይታይ ማሰሪያ ይተሳሰራሉ። እርሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ ለእርሷ ግን አልነገራትም። በአምስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ይብሳል። እርግዝናዋ ለሞት እንደሚያደርሳት ሁሉም ያውቃሉ፤ የማታውቀው እርሷ ብቻ ናት፤ እንዳይነገራት ያዘዘውም ባሏ ነው። ታምሊን የእንጨት በር ዘጋ፤ ሪሳንድ የዕውቀትን በር ዘጋ። የመጀመሪያውን መጽሐፉ ሲኰንን ሁለተኛውን በጥቂት ገጾች ይቅር ብሎ ያልፋል። ጸሐፊዋ በ2016 ራሷ ያስተማረችውን በ2021 የረሳችው ይመስለኛል። ፍቅር አስቀድሞ የተጻፈ ዕጣ ነው የሚለው ሐሳብም ከገጹ ትረካ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ትረካው በግልጽ ይታያል፣ ይህ ግን ሳይታይ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ፊት የሚቆሙ ሙሽሮች ፈቃዳቸውን ይጠየቃሉ። ማንም «ታስሯል» ተብሎ አይዳርም።

ታዲያ ከልጆቹ እጅ እንንጠቀው? ይህን የሞከሩ አሉ። በነሐሴ 2024 የዩታ ክፍለ ግዛት ከሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲነሡ የተወሰነባቸውን 13 መጻሕፍት ዝርዝር አወጣ፤ ስድስቱ የዚህች ጸሐፊ ነበሩ። ትምህርት ቤት በመደርደሪያው ላይ ለሕፃናት የሚሆነውን የመለየት ኀላፊነት አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከልጅቱ ስልክ አይወጣም። ቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ታያት ነበር፤ አሁን የሚያያት የለም። እኔ በዚያ እሑድ ያደረግሁትም ትንሹ ዩታ ነው። ያተረፍሁት የልጅቱን ወንበር ባዶ ማድረግ ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከእኛ ብዙ ዘመን ቀድሞ ያሰበ አባት አለን። ቅዳሴው ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነው ቅዱስ ባስልዮስ በወጣትነቱ በአቴና የግሪኮችን ጥበብ የተማረ ነው። በኋላም ወጣቶች የአሕዛብን መጻሕፍት እንዴት እንዲያነቡ የሚመክር ድርሰት ጽፏል። መጻሕፍቱ አማልክት የሚያመነዝሩባቸው፣ ወንድም ወንድሙን የሚወጋባቸው ነበሩ፤ ዛሬ ከምንፈራው የሚያንሱ አይደሉም። እርሱ ግን ወጣቶቹን በንብ መስሎ ይመክራል። ንብ በአበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም ሁሉን አትወስድም፤ ለሥራዋ የሚሆነውን ቀስማ የቀረውን ትተዋለች። ጽጌረዳ ስንለቅም ከእሾሁ እንደምንጠነቀቅ እንዲሁ አድርጉ ይላል። የመጽሐፉን ርእስ ከዚህ ጋር ሳስተያየው ፈገግ አልሁ።

ይህን የንብ ምሳሌ በስብከት ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። የምንዘነጋው ግን አለ፤ ባስልዮስ ሆሜርንና ሄሲኦድን ራሱ ጠንቅቆ አንብቦ ነው የሚመክረው። የትኛው ገጽ ላይ ማር እንዳለ፣ የትኛው ላይ እሾህ እንዳለ በስም እየጠራ ያሳያል። «ጋሼ፣ አንብበውታል?» ቢባል የሚያፍር አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። የፍቅርና የጀብዱ ልብ ወለድ ለእኛ ባዕድ ነው የሚሉ ወንድሞች፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ምን እንደ ነበር ቢያስታውሱ መልካም ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወጣች ጦቢያ የምትባል ልጃገረድ ታሪክ ነው። ጦርነት አለበት፣ ምርኮ አለበት፣ የአረማውያን ንጉሥ በፍቅሯ ተይዞ ሃይማኖቷን ሲቀበል ይታያል። ጀግና ልጃገረድ፣ መደበቂያ ልብስ፣ ኀያል ገዥ፣ ፍቅር፤ ዛሬ «ሮማንታሲ» እያሉ ከሚሸጡት አጽመ ታሪኩ ብዙ አይርቅም። በዚያ መንገድ የጀመርን ሰዎች ለ14 ዓመት ልጅ የሚሆን፣ እርሷን የምትመስል ጀግና ያላት፣ ሌሊት የሚያስመሽ ታሪክ ዛሬ በየትኛው መደርደሪያችን ላይ አለን? በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉትን ቈጠርኋቸው። ለሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍት አሉ፤ ለዐዋቂዎች ትርጓሜና ስብከት አለ። በመካከሉ ባዶ ነው። ባዶ የተውነውን ቦታ አንዲት በ16 ዓመቷ የጀመረች ጸሐፊ በ16 መጻሕፍት ሞላችው። በዚህ እርሷን መውቀስ አይቻለኝም።

አሁን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከትምህርት በኋላ፣ አራት ልጆች የሚያነቡትን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም አንብቤ እመጣለሁ። ወላጆቹ መጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳለ በአማርኛ ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፤ የትኛው ምዕራፍ ላይ ምን እንደሚገጥም ሳልሸፋፍን። የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። አንዳንዱ ወላጅ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም፤ ቢያንስ ዐውቀው ነው። ካህኑ በመጀመሪያ ግር ብሏቸው ነበር፤ የጽሑፉን ቅጂ ካዩ በኋላ ለእኔም አንድ ትሰጠኛለህ አሉኝ።

በአምስተኛው መጽሐፍ ላይ ግን ከልጅቱ ጋር አልተስማማንም። እናቷና እኔ ለጊዜው አይሆንም አልን፤ ምክንያቱንም ነገርናት፤ አሳታሚው ራሱ ለዐዋቂዎች ብሎ ያወጣው መሆኑን ጨምረን። «ጸሐፊዋ በ16 ዓመቷ እየጻፈች እኔ በ14 ዓመቴ ማንበብ አልችልም?» አለች። በ16 ዓመቷ የጻፈችው ይህን አይደለም አልኋት። መልሴ አላረካትም። ባለፈው እሑድ ግን መጥታለች፤ ስንጨርስም ወንበሩን አብረን እየሰበሰብን ስለ ሪሳንድ ተከራከርን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።